በብር የታከመ እግር

ሐኪሙ ይልቃል እግሯ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ሲነግራት ሸዋዓለም «የማን እግር?» ብላ ጠየቀችው።

«የእርስዎ ነዋ፣ እናቴ» አለ ይልቃል ግራ ተጋብቶ። ከደሴ ተመድቦ ወረታ የመጣ ወጣት ነው። በሽተኛ ሲያለቅስ እንዴት እንደሚያጽናና ተምሯል፤ በሽተኛ ሲከራከረው ግን ምን እንደሚል ማንም አላስተማረውም።

«የኔ ከሆነማ ወሳኟ እኔ ነኝ። አይቆረጥም።»

እንዲህ ናት ሸዋዓለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ርብ ዳር ያለውን ማሳዋን ራሷ ሩዝ እየዘራች፣ እያረመች፣ እያጨደች ሁለት ልጆች ድራለች። የቦይ ውሃ ተራዋን ሊዘሏት የሞከሩ ወንዶች ዛሬም ድረስ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ምላሷን የማይፈራ የቀበሌ ሰው የለም፤ ቄሱም ጭምር። ስለዚህ አንድ የደሴ ልጅ እግርሽን ስጪ ሲላት እሽ ትላለች ብሎ የጠበቀ ካለ ሸዋዓለምን አያውቃትም ማለት ነው።

ቁስሉ ሲጀምር ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም። ሰኔ ላይ ቦይ ስትጠርግ ዶማው ስቶ ቅልጥሟን ጫር አደረጋት። በጨርቅ አስራ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ ፎገራ ሜዳው ሁሉ ውሃ ሆነ፤ እሷም እስከ ጉልበቷ ረግረግ ውስጥ ቆማ ሩዟን ስታርም ከረመች። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ከገበያ ቀይና ጥቁሩን እንክብል ገዛች። ጥቂቱን ዋጠች፤ ጥቂቱን ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው፤ የተረፈውን ሆዱን ለነፋው ጥጃ በጥብጣ አጠጣችው። ሻል ሲላት ተወችው። ሲብስባት ሌላ ቀለም ያለው ገዛች። ይህን የምታደርግ እሷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከተሜውም ቢሆን እንክብሉን የሚገዛው ከፋርማሲ ስለሆነ ብቻ ነው አዋቂ የሚመስለው።

«ከቁስልዎ የወሰድነውን ናሙና ባሕር ዳር አስመርምረነዋል» አለ ይልቃል ወንበሩን ጠጋ አድርጎ። «ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል። ያለንን ሁሉ ሞከርነው፤ አይሞትም።»

«ለምዶታል? እንደ በሬ ተገርቷል ነው የምትለኝ?»

«የተገራስ ቢሆን ደግ ነበር። ይሄኛው እኛን ነው የገራን። ቁስሉ አጥንትዎ ጋ ከደረሰ በደምዎ ይገባና ሕይወትዎም ያሰጋል። ለዚህ ነው ይቆረጥ የምልዎ።»

«አጥንቴ ጋ ደርሷል?»

«ገና ነው። ግን ሩቅ አይደለም።»

«ገና ከሆነ ገና ነው» አለችና ከዘራዋን ይዛ ተነሣች።

ደፋር ስለሆነች አልፈራችም ማለት አይደለም። በር ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። አንድ እግር ያላት ሴት ረግረግ ውስጥ ገብታ ሩዝ አታርምም፤ ማሳውን የእኩል ለሌላ ትሰጣለች፤ እሷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ የሰው እጅ ታያለች። ሞት ራሱ ይህን ያህል አላስፈራትም። ይልቃል ይህን ፊቷ ላይ አየው መሰለኝ፣ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ይቆዩ እስቲ» አላት። «ጓሮ አንዲት ልጅ አለች። ምንም ቃል አልገባልዎም። ግን ያናግሯት።»

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጠችው ልጅ ልዕልት ትባላለች። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትመራመር፣ ሱሪና ሸራ ጫማ የምታደርግ ቀጭን ልጅ ናት። ክፍሏ ውስጥ አንድ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ የተደረደሩ ጠርሙሶችና ጥቁር ጠላ የመሰለ ፈሳሽ አለ። መድኃኒት እምቢ ባላቸው ቁስሎች ላይ አዲስ ቅባት እንድትሞክር የዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ ፈቅዶላት ነው የመጣችው። መማሯ ምንም አይወጣለትም፤ ሰው ማናገር ግን ገና አልለመደባትም።

«እርስዎን በብር ነው የምናክምዎት» አለች ልዕልት።

«ብር የለኝም።»

«አይ፣ የእርስዎን ብር አይደለም። የኛን ብር ነው።»

«እናንተ ልትከፍሉኝ?»

«አንከፍልዎትም! ብሩ ቁስልዎ ላይ ነው የሚደረገው።»

ሸዋዓለም ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ ተመለከተቻት። «ልጄ፣ ደህና ነሽ?»

ልዕልት ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ እጇን አንገቷ ላይ ሰድዳ ማተቧ ላይ ያለችውን መስቀል አሳየቻት። «ይሄ ብር! ማዕድኑ!»

«ኧረግ! የመስቀሉ ብር!» ሸዋዓለም እግሯ እየጠዘጠዛትም ቢሆን ሳቀች። ሁለቱም ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እንዲህ ነው የተዋወቁት።

ከዚያ በኋላ ልዕልት ቀስ ብላ አስረዳቻት። አንዲትን የሩዝ ፍሬ በርዝመቷ መቶ ሺህ ቦታ ብትቆርጫት፣ አንዷ ቁራጭ ምን ያህል ስስ ትሆናለች? ብሩን ይህን ያህል አድርጋ ነው የምታደቅቀው፤ በወፍጮ ሳይሆን የብር ጨው ከግራዋ ቅጠል ውሃ ጋር አዋህዳ። ናኖ ይሉታል። እንክብሉ ጀርሙን የሚያጠቃው በአንድ በር ነው፤ ጀርሙ ያችን በር ዘጋና ዳነ። የብሩ ቅንጣት ግን ብዛቱም ደቃቅነቱም ለጉድ ነው፤ ቆዳውን ይበሳዋል፣ ውስጡም ገብቶ ያምሰዋል። ሁሉንም በር ለመዝጋት ጀርሙ ይቸገራል።

«ይለምደው ይሆን አንድ ቀን?»

«ሊለምደው ይችላል» አለች ልዕልት። «ዝም ብለን እንደ እንክብሉ ከበተንነው ይለምደዋል።»

«ይገድለኝ ይሆን?»

«ጥጆች ላይ ሞክረነዋል፤ አልገደለም። ሰው ላይ ግን ብዙ አልተሞከረም። የማላውቀው አለ።»

ሸዋዓለም መልሱን ወደደችው። ዕድሜዋን ሙሉ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ሲያዟት ኖራለች፤ አላውቅም የሚል የተማረ ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ወረቀቱ ተነበበላት፤ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። ይልቃል ቁስሉ አጥንቷ ጋ ደርሶ ካየ ግን ሙግት የለም፣ እግሯ ሊቆረጥ ወደ ባሕር ዳር ትላካለች ብሎ አስጠነቀቃት። «ያኔ እንሟገታለን» አለችው።

በየሁለት ቀኑ በባጃጅ እየሄደች ቁስሏን ታጠበች፣ ተቀባች፣ ታሰረች። መጀመሪያ የሄደው ሽታው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ቁስል ስቃይ ብቻ ይመስለዋል። ክረምቱን ሙሉ የማኅበር ጽዋ ሲጠጣ ሴቶቹ ሳይታወቃቸው ከእሷ ፈቀቅ እያሉ ነበር የሚቀመጡት፤ እሷም ሳይነግሯት ገብቷት በር አጠገብ መቀመጥ ጀምራ ነበር። ኅዳር መጨረሻ ላይ ግን ጎረቤቷ አምሳል መጥታ ጎኗ ልጥፍ ብላ ተቀመጠችና እንጀራውን አብራት ቆረሰች። ሸዋዓለም ደስ ብሏት ልታለቅስ ነበር፤ ስለማታውቅበት ግን በቀልድ አለፈችው።

ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ቀልድ ነው። አምሳል ደግ ሴት ናት፤ ወሬ ግን ሆዷ ውስጥ አያድርም። «ምን አድርገውልሽ ነው እንዲህ የሆንሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«በብር እያከሙኝ» አለች ሸዋዓለም፣ ከልዕልት ጋር እንዴት እንደሳቁ ትዝ ብሏት። «እኔ ሞኝ ነበርኩ ማሳ ለማሳ ስዳክር የኖርኩት። ለካ ብሩ እግሬ ላይ ኖሯል! ጣቴን አተምኩላቸው፤ በየሁለት ቀኑ ብር በብር ያደርጉኛል።»

አምሳል አልሳቀችም። ዓይኗን አፍጥጣ እንጀራውን ይዛ ቀረች። ሸዋዓለም ማዕዱ ላይ ነገሩን ማስረዳት ነበረባት፤ ግን ቀልዷ ጥሟት ስለነበር ተወችው።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ወሬው ልጅ ወልዶ ነበር። በእህል ተራ «ሸዋዓለም ብር እየተከፈላት መርዝ ይሞክሩባታል» ተባለ። በከብት ተራ ደግሞ «እግሯን በውል ሸጠች፤ ስትሞት ቆርጠው ይወስዱታል» ሆነ። ጎንደር መንገድና ደብረ ታቦር መንገድ የሚገናኙበት ጋ ያሉ ሾፌሮች ወሬውን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ጭነው ሄዱ። የጣቷ አሻራ ያለበት ወረቀት መኖሩ ደግሞ ነገሩን እውነት አስመሰለው፤ በአገራችን ጣት የሚታተመው መሬት ሲከራይ፣ በሬ ሲሸጥ ነውና።

በማግስቱ ወንድሟ አድማሴ መጣ። አድማሴ ታላቋ ነው፤ የአገር ሽማግሌ ነው፤ እሱ ገብቶበት ያልታረቀ ደመኛ፣ እሱ ቃል ሰጥቶበት የፈረሰ ጋብቻ የለም። ጳጉሜን ላይ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ድረስ በበቅሎ የወሰዳት እሱ ነው፤ ሐኪሙ እግሩ ይቆረጥ ሲልም ወገቡን ይዞ አልቅሶ «እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው» ያለው እሱ ነው። ደጃፏ ላይ ቆሞ ግባ ብትለውም አልገባም።

«ብሩን መልሽ» አላት።

«የቱን ብር?»

«የወሰድሽውን ነዋ! አንች፣ ያባታችንን ስም ገበያ ላይ አወጣሽው እኮ። ተቆርጠሽ ብትኖሪ እኔ አለሁ። እጦርሻለሁ። ሰውነትሽን ግን በገንዘብ መሸጥ ምንድር ነው?»

ሸዋዓለም ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ሳቋ ወደ ቁጣ ተለወጠ። ይህ ሰው ከአንድ ማኅፀን ወጥቶ፣ ሃምሳ ዓመት አብሯት ኖሮ፣ ሰው ያወራውን አምኖ እሷን ሳይጠይቅ ፈርዶባታል። ብታስረዳው በሁለት ቃል ያበቃ ነበር። አላስረዳችውም።

«እኔ ሰውነቴን እንደማልሸጥ ካላወቅህ፣ ጋሼ፣ ምኑን ወንድም ሆንከኝ?» አለችው። «ሂድ። ብትፈልግ ክሰሰኝ፤ ለማን እንደምትከስ ታውቅ የለ?»

አድማሴም ከሰሰ። ምን ያድርግ፤ ኮርቶ የኖረ ሰው ነው። ለቀበሌው ሊቀመንበር ለአያልነህ «እህቴን በብር አታለዋታልና ይታይልኝ» አለው። አያልነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትልቁ በሽታው ወረዳውን መፍራት ነው። ከላይ ጠይቀውት መልስ ከሚያጣ ይልቅ ሁሉ ነገር ቢቆም ይመርጣል። ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ ጻፈ፦ ከሕዝብ ቅሬታ ስለቀረበ ሕዝቡ ተወያይቶ አቋም እስኪይዝ ድረስ ምርምሩ ይቁም። ይልቃል ተከራከረ፤ አልሆነም። ልዕልት ጠርሙሶቿን ቆለፈች።

ሸዋዓለም በቀጠሮዋ ስትሄድ ቆርቆሮዋ ክፍል ተዘግታ አገኘቻት። ልዕልት ንጹሕ ፋሻና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ብቻ ሰጠቻት፤ ዓይኗን አላነሣችም። ሸዋዓለም ቤቷ ተመልሳ ቁስሏን ፈትታ አየችው፤ በሚቀጥለውም የቀጠሮ ቀን አየችው። ገና ያልተዘጋው መሃሉ እንደገና ቢጫ መሆን ጀምሯል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ያ ሽታ ነበር፣ በጣም ትንሽ ቢሆንም። ጀርሙ ስብሰባ አይጠብቅም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ገበሬ ማሰልጠኛው ግቢ ተሰበሰበ። አንድ ለአምስቱም፣ የልማት ቡድኑም፣ የሴቶች ማኅበሩም አልቀረም። አያልነህ ጠረጴዛ አስቀርቦ፣ ብርቱካናማ ጨርቅ አልብሶ፣ ከጎኑ ይልቃልንና ልዕልትን አስቀምጧል። ወረዳው ልኮት የነበረውን ያለፈውን ስብሰባ ወረቀት ሳያስበው ማንበብ ጀምሮ፣ ስለ እርከን ሥራ ጥቂት ከሄደ በኋላ ነው ወደ ዕለቱ ጉዳይ የተመለሰው።

«እንግዲህ ውድ ተሰብሳቢዎች» አለ ላቡን ጠርጎ፣ «ብር የሚባል ነገር ለበሽተኞች እየተሰጠ ነው የሚል ቅሬታ ቀርቧል። ይህ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው ወይስ አይደለም? ባለሙያዋ ታስረዳና አቋም እንይዛለን።»

ልዕልት ተነሣች። ሌሊቱን ሳትተኛ ስትዘጋጅ እንዳደረች ታስታውቃለች፤ ቃላቱን ሁሉ ከመጽሐፍ አውጥታ ደርድራቸዋለች። ስለ ናኖ ቅንጣቶች ተናገረች፤ ስለ ተሕዋስያን ሽፋን ተናገረች። ሰዉ አፉን ከፍቶ ያያታል። እንዳልገባቸው ስታውቅ ነገሩን ላቅልለው ብላ «በአጭሩ፣ ብሩ ለታካሚዎች የሚሰጠው ሙሉ በሙሉ በነጻ ነው» አለች።

ግቢው ተናወጠ። «ይኸው! ራሷ አመነች!» የሚለው፣ «ለኛስ?» የሚለው፣ «በነጻ ብር የሚሰጥ ማን ነው፣ ዓላማው ምንድር ነው?» የሚለው ተደባለቀ። አምሳል እንኳ «እኔ ብያችሁ የለ!» እያለች ጎረቤቶቿን በክርኗ ትጎሽማለች። አድማሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዱላው ላይ ግንባሩን ደፋ። ልዕልት ምን እንዳለች ሲገባት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ሸዋዓለም ያን ጊዜ ነው የተነሣችው። ማንም ተናገሪ አላላትም። ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ እያነከሰች ሄዳ፣ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ከዚያ ባላገር ሴት በአደባባይ የማታደርገውን አደረገች። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፤ ቄሱ ባሉበት፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ጎረምሳ ባለበት። እግሯን ብርቱካናማው ጨርቅ ላይ ሰቀለችና ፋሻውን መፍታት ጀመረች። ቄሱ ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዞሩ። አያልነህ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ስንት ብር ተቀበለች ነው ያላችሁት?» አለች። ፋሻው መሬት ወደቀ። «ይኸው ብሬ። ኑ ቁጠሩት።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኋላ የነበሩት ግን አንገታቸውን አሰገጉ፤ ከዚያ ተነሥተው ቆሙ። ቁስሉን ያላየ ሰው በዚያ ቀበሌ አልነበረም። መስከረም ላይ ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አፉን ከፍቶ ነበር። አሁን ዳር ዳሩ በአዲስ ሮዝ ቆዳ ተዘግቷል፤ የቀረው መሃሉ ላይ መዳፍ የማትሞላ ቦታ ናት፤ እሷም ቢጫ ይዛለች።

«ገንዘብ አይደለም፤ ማዕድን ነው» አለች ሸዋዓለም። «አንገታችሁ ላይ ያለው ብር። እናቶቻችሁ ያጌጡበት ብር። እሱን አድቅቃ አድቅቃ፣ ዓይን እስከማያየው አድቅቃ ቅባት አደረገችው ይህች ልጅ። ገንዘብ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቀለድኩ። ቀልድ የማይገባችሁ መሆኑን ረሳሁት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና ወዲያው ዝም አለ።

«እንክብል እየፈለቀቅን ቁስል ላይ ስንነሰንስ፣ ለጥጃ ስናጠጣ፣ ሻል ሲለን ስንጥል ከርመን፣ ጀርሙን ያሰለጠንነው እኛው ነን። እኔም አለሁበት። ስንታችሁ ናችሁ እቤታችሁ የማይድን ቁስል ደብቃችሁ የተቀመጣችሁ? አውቃችኋለሁ፤ ቤት ቤታችሁን እየጠራሁ መናገር እችላለሁ፤ አልናገርም።» ወደ አያልነህ ዞረች። «አንተ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እግሬ ይቆረጥ ሲባል ለምን ስብሰባ አልጠራህም? ያኔ ሁሉ ሰው እግዜር ያጥናሽ ብሎ ዝም አለኝ። ሊድን ሲል ነው ቅሬታ የቀረበው?»

አያልነህ ወረቀቶቹን አገላበጠ። «እታለም፣ እኔ በግሌ... ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ነው።»

«ይህን ቢጫውን ታየዋለህ? የአንተ ደብዳቤ ነው ያመጣው። የኔን እግር ልትወስኑ ከሆነ እያያችሁት ወስኑ። ቀሚሴን አላወርድም።»

አላወረደችም። ነፋሱ ከሜዳው ገለባ እያነሣ ይመጣል፤ ቁስሉ ተገልጦ አቧራ ሊገባበት ነው። ይልቃል ሊነሣ ሲል ልዕልት ቀድማው ከቦርሳዋ የታሸገ ፋሻና አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ብድግ አለች።

«ቆይ!» አለ አያልነህ እጁን ዘርግቶ። «ውሳኔ ሳይሰጥ አንች መንካት አትችይም። በደብዳቤ ታግዷል።»

ልዕልት ፋሻውን እንደያዘች ቆመች። ሸዋዓለም እግሯን እንደሰቀለች በአንድ እግሯ ቆማለች፤ ጠረጴዛውን ጨብጣ ጥርሷን ነክሳለች። ብትወድቅ ተሸነፈች ማለት እንደሆነ አውቃለች።

አድማሴ ዱላውን ወንበሩ ላይ ጋደም አድርጎ ተነሣ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፤ አጣጠፈና በዱላው ላይ አኖረው። ጉባኤ ሲፈርድ እንደሚሄደው ቀስ ብሎ ሄዶ ልዕልት ፊት ቆመ።

«ደብዳቤው እኔን ያግዳል?» ሲል ሊቀመንበሩን ጠየቀ።

«እርስዎንማ... እርስዎን አይልም» አለ አያልነህ።

«እንግዲያው ለኔ ስጭኝ፣ ልጄ።»

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ፣ አባቴ» አለች ልዕልት። ሳሙና ሰጠችው፤ ከጠርሙሷ ውሃ አፈሰሰችለት። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው ሽማግሌው እጁን እስከ ክርኑ አሸ፤ ሁለት ጊዜ አሳጠበችው፤ አልተቆጣም። ከዚያ እኅቱን ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጣትና እሱ እግሯ ሥር መሬት ላይ ተንበረከከ። ታላቅ ወንድም ለታናሽ እኅቱ። ሴቶቹ መሃል አንዷ «እሰይ» አለች፤ ማን እንደሆነች አልታወቀም።

ልዕልት ጎኑ ቁጢጥ ብላ እንዴት እንደሚቀባ ትነግረዋለች፤ እሱ በፋሻው ጫፍ ቡናማውን ቅባት እየወሰደ ቢጫው ላይ ያሳርፋል። ጣቶቹ የሞፈርና የቀንበር ጣቶች ናቸው፤ ሸዋዓለም ግን እንደዚያ ቀለው አይታቸው አታውቅም። ከላይ ሆና የተላጨ አናቱን አየች። ምነው ያን ዕለት ግባ ስልህ ገብተህ ብትጠይቀኝ፣ ልትለው ፈለገች።

አያልነህ ጉሮሮውን ጠረገ። ስብሰባ ያለ አቋም ከተበተነ ወረዳው ይጠይቀዋል። «እንግዲህ ጊዜም ስለሄደ» አለ፣ «ወደ ውሳኔ እንግባ። ቅሬታ አቅራቢው አቶ አድማሴ ናቸው። በቅሬታው መሠረት ምርምሩ ይቁም የምትሉ እጃችሁን አንሡ።»

የሕዝቡ ልማድ ይታወቃል፤ እጅ አንሡ ሲባል እጅ ይነሣል። ጥቂት እጆች ከጋቢ ውስጥ ወጥተው እስከ ትከሻ ድረስ ደረሱ፤ ግን ሁሉም የሚያየው ወደ አድማሴ ነበር። ቅሬታው የሱ ነውና የመጀመሪያው እጅ የሱ መሆን አለበት።

አድማሴ ቀና አላለም። ፋሻውን በቅልጥሟ ዙሪያ እያዞረ ነበር።

«አቶ አድማሴ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እጄ ሥራ ይዟል» አለ አድማሴ።

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ጋቢያቸው ውስጥ ተመለሱ። አያልነህ ዙሪያውን አየ፤ እስክሪብቶውን አነሣ፣ ምን እንደሚጽፍ ስላላወቀ መልሶ አስቀመጠው። ኋላ አምሳል የተቀመጠችበት ጋ አንዲት ሴት የልጇን ክንድ የጠቀለለችበትን ጨርቅ ቀስ ብላ መፍታት ጀመረች።

«ጠበቅ አድርገው» አለችው ሸዋዓለም ወንድሟን። «ላላ ካለ አቧራ ይገባበታል። ነገም በጠዋት እሄዳለሁ፤ በሩ ቢዘጋም በሩ ላይ እቀመጣለሁ።»

«እስቲ አንድ ጊዜ ዝም በይ፣ አንች ሴት» አለ አድማሴ። ዕንባው ፋሻው ላይ እንዳይወድቅ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«አልልም» አለችው።